ዘራፍ የማይባልለት ድፍረት

ሳምንታዊ የሥነ ጽሑፍ ትምህርታዊ ዝግጅት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና አቅራቢው መናገር ሲጀምር ዝቅ ይላል)

  

አቅራቢ፦ የዛሬው ርእሳችን ድፍረት ነው። ድፍረት ብዙ ዓይነት ነው፤ ዛሬ የምናወራው ሰው ለሌላ ሰው ሲል ስለሚደፍረው ድፍረት ነው። የልቦለድ ደራሲዎች ይህን ድፍረት እንዴት ይስሉታል? እኛስ ስናነብ ምን ብለን ብንጠይቅ ታሪኩ ይበልጥ ይገባናል?

እስቲ ከእናንተ እንጀምር። ጀግና ሲባል መጀመሪያ በዐይነ ሕሊናችሁ የሚመጣው ማን ነው?

(አጭር ፋታ)

ብዙዎቻችሁ ጋሻና ጦር የያዘ፣ ጎፈሬው የተበተነ አርበኛ ታይቷችሁ ይሆናል። ይህ ደግሞ አያስገርምም። ያደግነው ፉከራ፣ ሽለላና ቀረርቶ እየሰማን ነው። ጠላት ፊት የቆመውን፣ ለሀገሩ የሞተውን እናወድሳለን፤ ይገባዋልም።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጠላት ፊት የሚቆም ሰው ከጀርባው ወገን አለው። ቢሞት የሚያለቅስለት፣ ቢመለስ እልል የሚልለት፣ ስሙን ለልጅ ልጅ የሚያወርስለት ወገን አለው። አንድ ሰው ለተበደለ ሰው ብሎ የገዛ ወገኑን፣ የገዛ ዘመዱን፣ የገዛ ጎረቤቱን ቢቃወምስ? ማን ይፎክርለታል? ዘራፍ ማን ይልለታል?

ማንም አይልለትም። እንዲያውም ወገኑ “ምን ነካው?” ይለዋል። “ሆድ ይፍጀው አይልም እንዴ?” ይለዋል። ታላላቅ ልቦለዶች ብዙ ጊዜ የሚመለከቱት ይህንን ሰው ነው። የዛሬው ዋና ሐሳባችንም ይኸው ነው፤ እደግመዋለሁ፦ ከጠላት ፊት ከመቆም ይልቅ ከወገን ፊት መቆም ይከብዳል፤ ልቦለድም ይህን ክብደት ከውስጥ ሆነን እንድናየው ያደርገናል።

(ሙዚቃ፤ ለአጭር ጊዜ)

አቅራቢ፦ ከመቀጠላችን በፊት ሦስት ጥያቄዎች ልስጣችሁ። ብዕር ያላችሁ ጻፏቸው፤ የሌላችሁ በቃላችሁ ያዙ፤ እኔም በየመሐሉ እደጋግማቸዋለሁ።

አንደኛው፦ ይህ ሰው የቆመው ማን ፊት ነው?

ሁለተኛው፦ በመቆሙ ምን አጣ?

ሦስተኛው፦ የቆመለት ሰው፣ የተበደለው ሰው፣ ራሱ ምን አደረገ?

ማን ፊት? ምን አጣ? ተበዳዩስ ምን አደረገ? በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሦስት ልቦለዶችን እንጎበኛለን። አንዱ የሀገራችን ነው፤ ሁለቱ የአሜሪካ ናቸው።

(ሙዚቃ፤ የክራር ድምፅ፤ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ የመጀመሪያው ሁላችሁም የምታውቁት ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር”፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመ። ብዙዎቻችሁ መጽሐፉን ገልጣችሁ ሳይሆን በጆሯችሁ ነው ያወቃችሁት፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው። በዚያ ድምፅ ምክንያት ፊደል ያልቆጠሩ አባቶችና እናቶች ሳይቀሩ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤት ልጆች ያውቋቸው ነበር።

ታሪኩን ስናስብ ቀድሞ የሚመጣብን የሁለቱ ፍቅር ነው። ዛሬ ግን ዐይናችንን ወደ ሌላ ሰው እናዙር። ካሳ ዳምጤ። ሰዉ የሚያውቀው በቅጽል ስሙ ነው፤ ጉዱ ካሳ።

ጉዱ ካሳ ማን ነው? የተማረ ሰው ነው። ከትልቅ ቤት የተወለደ፣ የፊታውራሪ መሸሻ የሥጋ ዘመድ ነው። የጌቶቹን ቤት ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ያውቀዋል። ዝም ብሎ ቢኖር ምን ይጎድልበት ነበር? ምንም። ግብዣው የራሱ፣ ክብሩ የራሱ፣ ዘሩ የራሱ ነው። ዳሩ ግን ሰው በዘሩ መመዘኑን፣ ሠርቶ አዳሪው መናቁን፣ ገበሬው ለጌታ ሲል መጉበጡን አይቶ ማለፍ አልሆነለትም። ተናገረ። በመናገር ብቻም አልቆመም፤ “ከእሱ በታች ናት” የምትባል ሴት አግብቶ የሚናገረውን በኑሮው አሳየ።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንጠይቅ። ጉዱ ካሳ የቆመው ማን ፊት ነው? የውጭ ወራሪ ፊት አይደለም። ባዕድ ፊት አይደለም። የቆመው በገዛ ዘመዶቹ ፊት ነው፤ እንጀራ አብረውት በሚቆርሱ ሰዎች ፊት።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ምን አጣ?

(አጭር ፋታ)

ስሙን አጣ። እስቲ ይህችን ነገር ጠጋ ብለን እንያት። ሰዉ ለካሳ መልስ አልሰጠውም። “ጉዱ” አለው፤ እብድ አለው። ይህ ቀላል ቅጣት ይመስላል፤ ግን አይደለም። አንድን ሰው አንዴ እብድ ካላችሁት ለጥያቄው መልስ መስጠት አያስፈልጋችሁም። “ገበሬው ለምን ይበደላል?” ብሎ ሲጠይቅ፣ “ተወው፣ ጉዱ ነው” ትላላችሁ፤ ትስቁና ወሬያችሁን ትቀጥላላችሁ። ጥያቄው እንደ ተነሳ ይቀራል፤ ጠያቂው መሳቂያ ይሆናል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያሳዩን ይህን ነው፦ ማኅበረሰብ እውነት የሚናገርን ሰው ዝም ለማሰኘት ሁልጊዜ ዱላ አያስፈልገውም። ሳቅ ይበቃዋል።

አድማጮቼ፣ እናንተስ በሠፈራችሁ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ፣ በትምህርት ቤታችሁ እንዲህ ያለ ቅጽል ስም የተሰጠው ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? “እሱማ ነገረኛ ነው”፣ “እሷማ አቃቂር አውጪ ናት” የተባለ ሰው? ምናልባት ያ ሰው የጠየቀው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀርቶ ይሆን?

(አጭር ፋታ)

አቅራቢ፦ እዚህ ላይ ስለ ደራሲው አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ታሪኩን ይበልጥ ያበራዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ ጦርነትን ከመጻሕፍት ያወቁ ሰው አልነበሩም። ፋሺስት ጣሊያን ሀገራችንን በወረረ ጊዜ ዘምተዋል፤ ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው ጣሊያን ተወስደዋል፤ ዓመታትንም በእስር አሳልፈዋል። ስለ አርበኛ ድፍረት ለመጻፍ ከእሳቸው የተሻለ ማን ነበር?

ታዲያ እኒህ ጦር ሜዳ የዋሉ፣ የጠላት እስር ቤት ያዩ ሰው፣ በትልቁ ልቦለዳቸው ውስጥ ያን ትልቅ ድፍረት ለማን ሰጡት? መሣሪያ ላልያዘ፣ ማንንም ላልገደለ፣ ያለው አንደበት ብቻ ለሆነ ሰው ሰጡት። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። ሁለቱንም ድፍረት የሚያውቅ ሰው መርጦ የሰጠን ይህን ነው።

አሁን ሦስተኛው ጥያቄ፦ ተበዳዩስ ምን አደረገ? “ፍቅር እስከ መቃብር” ለዚህም መልስ አለው። ጉዱ ካሳ የሚናገርላቸው ገበሬዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። አበጀ በለው የሚባል ሰው ከመካከላቸው ተነሳ። የፊታውራሪን ግብር አንሸከምም አሉ። ፊታውራሪ መሸሻም ሊያስገብሯቸው ዘመቱ፤ ተሸንፈው በገበሬዎቹ እጅ ወደቁ።

ልብ በሉ፣ “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” እየተባለ በሚታደግበት አገር ነው ይህ የተጻፈው። ታሪኩ ጉዱ ካሳንና አበጀ በለውን ጎን ለጎን አኑሮልናል። አንዱ ከላይ ካለው ወገን ሆኖ ይናገራል፤ ሌላው ከታች ካለው ወገን ሆኖ ይነሳል። አንዱ ብቻውን ነው፤ ሌላው ሰው አለው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የተናጋሪው ሐሳብ ያለ ገበሬዎቹ መነሳት ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር።

(ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ እስካሁን ያልነውን ላስታውሳችሁ። ከጠላት ይልቅ ከወገን ፊት መቆም ይከብዳል። ጥያቄዎቻችን ሦስት ናቸው፦ ማን ፊት ቆመ? ምን አጣ? ተበዳዩስ ምን አደረገ?

አሁን ባሕር ተሻግረን ወደ አሜሪካ፣ ወደ አላባማ ግዛት እንሂድ። ሃርፐር ሊ የምትባል ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1960 “ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ” የተባለ ልቦለድ አሳተመች። በዓመቱ ፑሊትዘር የተባለውን ትልቅ ሽልማት አገኘ። ታሪኩ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ ሜይኮም በምትባል ምናባዊ ከተማ ውስጥ ነው። ያ ጊዜ ጥቁርና ነጭ በሕግ የተለያዩበት፣ ጥቁር ሰው ነጭ ሴት ደፈረ ተብሎ ከተከሰሰ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በመንጋ ሊገደል የሚችልበት ጊዜ ነው።

ቶም ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር ሠራተኛ አንዲት ነጭ ልጅ ደፈረ ተብሎ በሐሰት ተከሰሰ። አቲከስ ፊንች የሚባል ነጭ ጠበቃ ጥብቅና እንዲቆምለት ተመደበ፤ ከልቡም ቆመለት። ታሪኩን የምትነግረን የአቲከስ ትንሽ ልጅ ስካውት ናት።

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚያስታውሰው የፍርድ ቤቱን ክርክር ነው። እኔ ግን ከችሎቱ በፊት ወደ ነበረችው አንዲት ሌሊት ልውሰዳችሁ።

(አጭር ፋታ)

ሌሊት ነው። አቲከስ ከቢሮው ወንበር ወስዶ እስር ቤቱ በር ላይ ተቀምጧል። አምፖል በረጅም ገመድ አምጥቶ በላዩ አንጠልጥሏል። ጋዜጣ ያነባል። ከበሩ በስተጀርባ ቶም ሮቢንሰን ታስሯል። አቲከስ መሣሪያ የለውም።

መኪኖች መጡ። ሰዎች ወረዱ። የመጡት ቶምን አውጥተው ሊገድሉት ነው። እነማን ናቸው? የአካባቢው ሰዎች ናቸው። አንዱ ካኒንግሃም የተባለው ገበሬ ነው። አቲከስ ከዚህ በፊት የመሬት ጉዳይ ይዞለት ያውቃል፤ ገበሬው ገንዘብ ስለሌለው የጠበቃውን ዋጋ የከፈለው በማገዶ እንጨትና በጎመን ነበር። እንዲህ የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው በዚያች ሌሊት ፊት ለፊት የተፋጠጡት። ማን ፊት ቆመ? ጎረቤቶቹ ፊት።

ስካውት ከወንድሟ ጋር ተደብቃ መጥታ ነበር። የሚሆነው ሳይገባት እየሮጠች ወደ መካከል ገባች። ዙሪያውን ስታይ አንድ የምታውቀው ሰው አገኘች፤ ካኒንግሃምን። በልጅ አንደበት ሰላም አለችው። ስለ መሬቱ ጉዳይ ጠየቀችው። ልጁ አብሯት እንደሚማር ነገረችው፤ ሰላም በልልኝ አለችው።

ሰውየው ዝም አለ። ቀጥሎም ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ያዘ፤ ሰላምታዋን እንደሚያደርስላት ነገራት። ቀና አለና ሰዎቹን “እንሂድ” አላቸው። ሄዱ።

(ረዘም ያለ ፋታ)

አድማጮቼ፣ እዚህ ምን ተፈጠረ? አንዲት ልጅ አንድን ሰው በስሙ ጠራችው። በመንጋ ውስጥ ተደብቆ የነበረው ሰው እንደገና የአንድ ልጅ አባት፣ የአንድ መሬት ባለቤት፣ የአንድ ሰው ጎረቤት ሆነ። መንጋ የሚጨክነው እያንዳንዱ ሰው ስሙን ስለሚረሳ ነው። ስካውት ስሙን መለሰችለት። ድፍረት መሆኑን እሷ አላወቀችም፤ ደራሲዋ ግን ታውቃለች።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በኋላ ችሎቱ ሲያልቅ ዳኝነት ከተቀመጡት ሰዎች መካከል ለቶም ወገን ብሎ ለሰዓታት የተከራከረ አንድ ሰው እንደነበር እንሰማለን፤ እሱም ከካኒንግሃም ቤተ ዘመድ ነበር። እስር ቤቱ በር ላይ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ የገባ ነገር ወደ ዘመድ ተሻገረ።

ግን ቶም ነፃ ወጣ? አልወጣም። ጥፋተኛ ተባለ። ከእስር ቤት ሊያመልጥ ሲሞክርም ጠባቂዎች በ17 ጥይት ገደሉት። አቲከስ ተሸነፈ። ምን አጣ? ክርክሩን አጣ፤ የከተማውን ወዳጅነት አጣ፤ ልጆቹ በአባታቸው ምክንያት ተሰደቡ፤ መጨረሻም ላይ የልጆቹ ሕይወት አደጋ ላይ ወደቀ።

እዚህ ላይ የሃርፐር ሊ አባት ራሱ ጠበቃ እንደነበር ልንገራችሁ። በወጣትነቱ በነፍስ ግድያ ለተከሰሱ ሁለት ጥቁሮች ቆሞ ነበር፤ ሁለቱም በስቅላት ተቀጡ። ልጅቱ አድጋ ልቦለድ ስትጽፍ ጠበቃውን አሸናፊ ልታደርገው ትችል ነበር፤ ብዕሩ በእጇ ነው። አላደረገችውም። ለምን ይመስላችኋል?

(አጭር ፋታ)

እኔ የሚመስለኝን ልንገራችሁ። ለሌላ መቆም የሚለካው በማሸነፍ ከሆነ፣ እንደምናሸንፍ ካላወቅን በቀር ማናችንም አንቆምም። ደራሲዋ ሽንፈቱን በግልጽ በማሳየቷ አንድ ነገር አስተማረችን፦ አቲከስ እንደሚሸነፍ እያወቀ ነበር የገባው። ዋጋ ያለው ድፍረት የዚህ ዓይነት ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄ አልረሳነውም። ቶም ሮቢንሰን ራሱስ ምን አደረገ? ለዚህ ጥያቄ ትኩረት ስጡልኝ፤ ብዙ አንባቢ የሚዘለው እሱን ነውና። ቶም ግራ እጁ በጥጥ መዳመጫ ማሽን የተጎዳ ድሃ ሠራተኛ ነው። ያችን የከሰሰችውን ልጅ ረዳት አጥታ ሲያያት እንጨት ይፈልጥላት፣ ውሃ ያመጣላት ነበር፤ ያለ ክፍያ። ፍርድ ቤት ውስጥ ለምን እንደሚረዳት ሲጠየቅ ስላዘነላት መሆኑን ተናገረ። ጥቁር ሰው ለነጭ ማዘኑ በዚያ ዘመን እንደ ድፍረት የሚቆጠር፣ የሚያስቆጣ ነገር ነበር። እሱ ግን ለመሐላው ታምኖ እውነቱን ተናገረ። ስለዚህ በዚያ ችሎት ውስጥ ደፋሩ ጠበቃው ብቻ አልነበረም። የተከሰሰው ሰው ከእሱ ይበልጥ ይደፍር ነበር፤ የሚያጣው ሕይወቱን ነበርና።

ለዚህ ነው ሦስተኛውን ጥያቄ አጥብቄ የምይዘው። ለተበደለ ሰው ስለ ቆመ ጀግና ስናነብ ተበዳዩ በታሪኩ ውስጥ ዕቃ እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ። እሱም ሰው ነው፤ እሱም ይፈራል፤ እሱም ይደፍራል።

(ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ እስካሁን ሁለት ሰዎች አየን። ጉዱ ካሳ በዘመዶቹ ፊት ቆመ። አቲከስ በጎረቤቶቹ ፊት ቆመ። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም በሚከብደው ፊት ይቆማል። ማን ይመስላችኋል?

(አጭር ፋታ)

በራሱ ፊት ነው። ማርክ ትዌይን የጻፈው “የሃክልቤሪ ፊን ጀብዱዎች” የተሰኘው ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አጋማሽ ነው የወጣው። ታሪኩ የሚነግረን ግን ከዚያ በፊት ስላለው ስለ ባርነት ዘመን ነው። ማርክ ትዌይን ያደገው ሚዙሪ በምትባል፣ ባርነት ሕጋዊ በሆነባት ግዛት ነው፤ ስለዚህ የሚጽፈው በልጅነቱ ያየውን ዓለም ነው።

ሃክ ፊን ሰካራም አባቱን ሸሽቶ የጠፋ ልጅ ነው። ጂም ከባርነት ያመለጠ ጥቁር ሰው ነው። ሁለቱ በአንድ ታንኳ መሰል የእንጨት ርብራብ ላይ ሆነው ሚሲሲፒ ወንዝን ይወርዳሉ። በመንገድ ወዳጆች ይሆናሉ። ጂም በሌሊት የሃክ የጥበቃ ተራ ሲደርስ እንዲተኛ ብሎ ሳይቀሰቅሰው ራሱ ይጠብቅ ነበር።

አንድ ቀን አጭበርባሪዎች ጂምን በ40 ዶላር ሸጡት። ሃክ ምን ያድርግ? የተማረው ትምህርት፣ ቤተ ክርስቲያን የሰማው ስብከት፣ የሠፈሩ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ የሰውን ባሪያ ማስመለጥ ሌብነት ነው፤ ኃጢአት ነው፤ ገሃነም ያስገባል። ሃክ ይህን ከልቡ ያምናል። ልብ በሉ፤ “ማኅበረሰቡ ተሳስቷል” የሚል ሐሳብ ገና አልመጣለትም። ተሳሳትኩ የሚለው ራሱን ነው።

ስለዚህ ብዕር አነሳ። ለጂም አሳዳሪ ለሚስ ዋትሰን ጂም የት እንዳለ የሚነግር ደብዳቤ ጻፈ። እንደ ጨረሰ ከኃጢአት የነጻ መሰለው። ቀጥሎ ግን ማሰብ ጀመረ። የጂም ፊት መጣበት። በሌሊት ሲጠብቅለት፣ ከጉም ውስጥ ሲመለስ በደስታ ሲቀበለው ታየው። ዐይኑ ደብዳቤው ላይ ወደቀ። ወረቀቱን አነሳው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ትንፋሹን ዋጠና አሰበ። ከዚያም ገሃነም ብገባም ልግባ ብሎ ወረቀቱን ቀደደው።

(ረዘም ያለ ፋታ)

ማን ፊት ቆመ? ያሳደገውን ትምህርት ሁሉ ፊት፤ በገዛ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚጮኸውን የሠፈር ድምፅ ፊት። ምን አጣ? እሱ እንደሚያምነው ነፍሱን። ከዚህ የሚበልጥ ዋጋ የለም። እኛ አንባቢዎች ገሃነም እንደማይገባ፣ ይልቁንም ጽድቅ እንደሠራ እናውቃለን። እሱ ግን አያውቅም። ለዚህ ነው ድፍረቱ የሚያስደነግጠው።

ጂምስ ምን አደረገ? በታሪኩ ማብቂያ አካባቢ ቶም ሶየር የሚባለው የሃክ ጓደኛ በጥይት ቆሰለ። ጂም ጫካ ውስጥ ተደብቋል፤ ነፃነቱ እግሩ ሥር ነው። ሐኪሙ ቁስለኛውን ብቻውን ማከም አቃተው። ጂም እንደሚያዝ እያወቀ ከተደበቀበት ወጣና ሐኪሙን ረዳው። ተያዘ፤ በሰንሰለት ታሰረ። ያን ጊዜ ሐኪሙ ለያዡ ሕዝብ ጂም ያደረገውን መሰከረለት። አያችሁ? ሃክ ለጂም ቆመ፤ ጂም ለቶም ቆመ፤ ሐኪሙ ለጂም ተናገረ። ድፍረት እንደ ጧፍ እሳት ከአንዱ ወደ ሌላው ይለኮሳል።

(ሙዚቃ፤ የክራር ድምፅ፤ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ወደ መደምደሚያችን እየተቃረብን ነው፤ የተነጋገርነውን እንሰብስብ።

ጉዱ ካሳ በዘመዶቹ ፊት ቆመ፤ ያጣው መልካም ስሙን ነው። አቲከስ በጎረቤቶቹ ፊት ቆመ፤ ያጣው ክርክሩንና የከተማውን ወዳጅነት ነው። ሃክ በራሱ ፊት ቆመ፤ ያጣ የመሰለው ነፍሱን ነው። ሦስቱም መሣሪያ አልያዙም። አንዱ ተናገረ፤ አንዱ ወንበር ይዞ በር ላይ ተቀመጠ፤ አንዱ ወረቀት ቀደደ።

እንግዲህ አንድ አድማጭ “ይህ ሁሉ ልቦለድ ነው፤ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?” ብሎ ቢጠይቅ ምን እንመልስለታለን?

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሴም ይህ ነው። በእውነተኛው ኑሮ ለሌላ ሰው የመቆሚያዋ ሰዓት ስትመጣ ቀጠሮ አትሰጥም። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ አንዲት የገጠር እናትን ያመናጭቃል። ስብሰባ ላይ የሌለ ሰው ስም ይጠፋል። ክፍል ውስጥ ተማሪዎች በአንድ ልጅ አነጋገር ይስቃሉ። በሰው አገር፣ በአንድ ቤት ውስጥ የምትሠራ እህታችን ደመወዟ ሲከለከል ሌላዋ ታያለች። የምናስብበት ጊዜ የለንም፤ ይሉኝታው ይይዘናል፣ ፍርሃቱ ይቀድመናል፣ ሰዓቷ ታልፋለች። ማታ ቤታችን ገብተን “እንዲህ ብል ኖሮ” እንላለን።

ልቦለድ ያቺን ሰዓት አቁሞ ያሳየናል። የፈሪውን ልብ ምት፣ የእጁን መንቀጥቀጥ፣ የሚያጣውን ነገር ሁሉ ያስቆጥረናል። በሃክ እጅ ያለችውን ወረቀት እኛም ይዘናት እንንቀጠቀጣለን። እንዲህ ደጋግሞ በልቡ የተለማመደ ሰው እውነተኛዋ ሰዓት ስትመጣ ፈጽሞ አዲስ አትሆንበትም። ደፋር ያደርገዋል ብዬ ቃል አልገባም፤ መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ደፋር አይሆንም። ግን “አላየሁም፣ አላወቅሁም” ማለት ይከብደዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

(አጭር ፋታ)

አሁን የቤት ሥራ ልስጣችሁ፤ በተለይ ለመምህራን፣ ለእናቶችና ለአባቶች፣ ለታላላቅ ወንድሞችና እህቶች። በዚህ ሳምንት ለልጆች ተረት ስትነግሩ ወይም መጽሐፍ ስታነቡላቸው፣ “ጀግናው ማን ነው?” ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቋቸው፦ ማን ፊት ቆመ? ምን አጣ? ተበዳዩስ ራሱ ምን አደረገ?

አንድ አራተኛ ጥያቄም ልጨምርላችሁ፦ በታሪኩ ውስጥ ዝም ያለው ማን ነው? በጉዱ ካሳ ላይ ሲሳቅ አብሮ የሳቀው ማን ነው? እስር ቤቱ በር ላይ ከመንጋው ኋላ ቆሞ “እኔን ምን አገባኝ” ያለው ማን ነው? ልጆቹ መልስ ሲሰጡ አታቋርጧቸው። “እኔ ብሆን እፈራ ነበር” የሚል ልጅ ቢኖር አትቆጡት። እውነቱን ተናግሯልና አመስግኑት፤ ከዚያም “ፍርሃት ሳለ ምን ማድረግ ይቻላል?” ብላችሁ ጠይቁት። ውይይቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ዝምታን የሚያወድስ ተረትና ምሳሌ በአፋችን ብዙ ነው፤ “ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም” እንላለን። ለገዛ ጉዳያችን ሲሆን ዝምታ ብልህነት ሊሆን ይችላል። ሰው ሲበደል ግን ዝምታችን ለበዳዩ ጉልበት ይሆነዋል። ልጆቻችን ይህን ልዩነት ከታሪክ መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ከልቦለድም ይማሩት።

ያነበባችሁትን፣ የተወያያችሁበትን፣ ልጆቻችሁ የመለሱላችሁን ጻፉልን። በሚቀጥለው ሳምንት ከደብዳቤዎቻችሁ መርጠን እናነባለን፤ በተለይ በእናንተ ሠፈር የሚነገሩ፣ ለሌላ ሰው ስለ ቆመ ሰው የሚተርኩ ተረቶች ካሉ እንጠብቃለን።

ለዛሬ የያዝነው ይህ ነበር።  

(የመዝጊያ ሙዚቃ፤ ከፍ ይላል)